ይቀንሱታል ብሎ መጨመር

‹‹ከኢንሹራንስ የተወሰደ ገንዘብ ስርቆት አይባልም›› ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በታክሲ ውስጥም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በመሥሪያ ቤት ኮሪደርም ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ሰዎች ደግሞ ሌቦች አይደሉም። አብዛኞቹ ባለሱቅ ተሳስቶ አሥር ብር ጨምሮ ቢመልስላቸው ከመንገድ ተመልሰው ‹‹ኧረ ተሳስተሃል›› የሚሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው። እነዚሁ ጨዋዎች መኪናቸው ሲጋጭ የዛሬ ዓመት የተጫረውን በር ከዛሬው ግጭት ጋር አዳብለው ያስቀባሉ። ነፋስ ጣራቸውን ሲገልጠው ድሮ የተቃጠለውን ቴሌቪዥን ‹‹ዝናብ ገባበት›› ብለው ያስመዘግባሉ። ማታም ጥሩ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ታዲያ ነገሩ እንዴት ነው? ያው ሰው በሱቁ ደጃፍ ጨዋ፣ በኢንሹራንሱ ደጃፍ ሌላ የሚሆነው ለምንድነው?

ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ሦስት መልስ ይሰጧችኋል። አንደኛው ‹‹ድርጅቱ ሀብታም ነው፣ ምን ይጎድልበታል?›› የሚል ነው። ሁለተኛው ‹‹ስንት ዓመት ከፈልኩ፣ አንድ ቀን ብበላ ምን አለበት?›› የሚል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ‹‹እነሱ እንደሆነ ይቀንሱታል፤ እኔ ካልጨመርኩ የምጎዳው እኔው ነኝ›› ይላል። ሁለቱን በቀላሉ መመለስ ይቻላል። ሦስተኛው ግን የዋዛ አይደለም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ‹‹ሀብታም ነው›› የተባለው ድርጅት ገንዘቡን ከየት አመጣው? ከእኔና ከእናንተ ነው። ‹‹ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ›› የሚለው ተረታችን ኢንሹራንስ የሚባለውን ነገር ከነሙሉ ምሥጢሩ ይዞታል። ለንደን እ.ኤ.አ. በ1666 አራት ቀን ነድዳ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶች አመድ ሲሆኑ፣ ባለቤቶቹ ብቻቸውን ሎሚያቸውን ተሸክመው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1680ዎቹ መጀመሪያ ኒኮላስ ባርቦን የሚባል ሰው በከተማይቱ የእሳት መድን የሚሸጥ ቢሮ ከፈተ። ሐሳቡ ያው የሎሚው ነው፤ የአንዱን መከራ ብዙዎች በጥቂት በጥቂቱ ይካፈሉት።

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ ባዕድ አይደለም። እድር ምን ሆነና? በየወሩ ትከፍላለህ፤ ሐዘን ሲደርስብህ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ገንዘቡም ይሰጥሃል። ልዩነቱ እድርተኛውን በስሙ ታውቀዋለህ፤ የኢንሹራንሱን ማኅበርተኛ ግን አታውቀውም። ጎንደር ያለ ባለ ወፍጮ፣ ሐዋሳ ያለች ባለ ምግብ ቤት፣ አዳማ ያለ ባለ ጋራዥ ካንተ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አረቦን እንደሚጥሉ ማን ነግሮህ? ከሳጥኑ ያለአግባብ ስትዘግን የዘገንከው ከእነሱ ነው። ፊታቸውን ስለማታየው ግን ‹‹ከድርጅቱ ወሰድኩ›› ትላለህ።

የአገራችን ታሪክም ለዚህ አባባል ሳያግዝ አልቀረም። በ1967 ዓ.ም. 13 የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወርሰው ሥራው በመንግሥት እጅ ገባ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ የግል ኩባንያዎች እንደገና እስኪፈቀዱ ድረስ ኢንሹራንስ ማለት መንግሥት ማለት ነበር። የመንግሥት ንብረት ደግሞ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ የማንም አይደለም፤ ‹‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል›› የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። የባለአክሲዮኖች ኩባንያዎች ቢፈቀዱም ልባችን አብሮ አልተለወጠም።

ሁለተኛው መልስ ‹‹ስንት ዓመት ከፍዬ አንድ ቀን ሳልበላ›› የሚለው ነው። እስቲ ይህንን እድር ውስጥ ተናገሩት! ሃያ ዓመት ከፍሎ በቤቱ ሞት ያልገባ ሰው ተነሥቶ ‹‹ድንኳኔን ስጡኝ›› ቢል ምን ይባላል? እንዲያውም ‹‹ከፍለህ አትብላበት›› ብለን ነው የምንመርቀው። አረቦንም እንደዚሁ ነው። የገዛኸው ነገር ክረምት ሲያጉረመርም ‹‹ቢወስደው እንኳ ባዶ እጄን አልቀርም›› ብለህ የተኛህበት ሌሊት ነው። እሱን በልተኸዋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። ለዚህኛው የሰፈሬን ጉዳይ ላጫውታችሁ።

በሰፈራችን ‹‹የሱቋ እትዬ›› የምንላቸው ሴት አሉ። ከፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላ ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች አሏቸው። ኢንሹራንስ የገቡት ወደው አይደለም፤ ቤቱን አስይዘው ከባንክ ሲበደሩ ባንኩ ‹‹ያለ ኢንሹራንስ አይሆንም›› ስላላቸው ነው። ባንኩ የማዕበልና የጎርፍ ሽፋንም ጨምሩ ስላላቸው ጨመሩ። የሱቁንም ዕቃ አስገቡ። ከዚያ ወረቀቱን ከሰርጋቸው ፎቶ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ መጣና የሱቁንና የአንዱን ክፍል ቆርቆሮ ከነማገሩ አንሥቶ ጎረቤት ግቢ ጣለው። ስኳሩ ቀለጠ፣ ዱቄቱ ቦካ፣ ማካሮኒው አበጠ። የሰፈሩ እድር ወዲያው የድንኳን ሸራ አውጥቶ የተረፈውን አለበሰላቸው። በሁለተኛው ቀን እትዬ የካሳ መጠየቂያ ቅጹን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ‹‹አንተ ጸሐፊ አይደለህ? እስቲ ቃል አሳምረህ ሙላልኝ ልጄ›› አሉኝ። አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ደግሞ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፎ ጨርሷል።

ዝርዝሩ ላይ አንድ ፍሪጅ አለ። ፍሪጁን አውቀዋለሁ። መሥራት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እትዬ ሳሙና ያስቀምጡበታል። ስኳሩም ሦስት ኩንታል ሆኗል፤ በዓይኔ ያየሁት አንድ ተኩል ቢሆን ነው። ቀና ብዬ ሳየው ልጁ አላፈረም። ‹‹ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሞላው። እነሱ መጥተው ግማሹን ይሰርዙታል። ትክክሉን ከጻፍንማ የትክክሉን ግማሽ ነው የምናገኘው።››

እንግዲህ ፍረዱ። ልጁ ሌብነትን አልሰበከም፤ ሒሳብ ነው የሠራው። መርካቶ ሄዳችሁ ሻጩ ‹‹ሁለት ሺህ›› ቢላችሁ ዋሸ ትላላችሁ? አትሉም። ‹‹ሺህ ሁለት መቶ›› ትሉትና አንድ ሺህ አምስት መቶ ላይ ትስማማላችሁ። ሁለታችሁም የመጀመሪያው ዋጋ ዋጋ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ውሸት ውሸት ነው ወይ? ልጁ የካሳ ቅጹን እንደ መርካቶ ዋጋ ነው ያየው። ገማቹ ሊቀንስ ይመጣል፤ ስለዚህ የሚቀነስለት ነገር ይዘጋጅለት!

በሐቀኝነት ስንነጋገር፣ ይህ ክርክር አንድ እውነት አለው። ገማቹ ከሁሉም ሰው ላይ በልማድ የሚቆርጥ ከሆነ፣ በዚያ አሠራር የሚቀጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እውነቱን የጻፈው ነው። የጨመረው ሲቆረጥበት ልክ ይመጣል። ያልጨመረው ሲቆረጥበት ከልክ በታች ይወርዳል። ‹‹ሁሉ በሚጨምርበት አገር ያልጨመረ ሞኝ ነው ወይስ ጨዋ?›› የሚለው ጥያቄ ከዚህ ላይ ነው የሚፈላው።

እኔ ግን የካሳ ቅጽ የመርካቶ ዋጋ ነው የሚለውን አልቀበልም። የመርካቶው ሻጭ ‹‹ሁለት ሺህ ካልሰጠኸኝ አልሸጥም›› አለ እንጂ ‹‹ይህ ነገር እንዲህ ሆኗል›› ብሎ አልመሰከረም። ዋጋ ምኞት ነው፤ ቅጹ ግን ምስክርነት ነው። ‹‹በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በነፋስ ምክንያት ይህ ዕቃ ተበላሽቷል›› ብለህ ትፈርማለህ። ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር ‹‹ዳኛው ግማሹን አያምኑኝምና እጥፍ ልናገር›› ቢል ምን እንለዋለን? ደግሞም ገማቹ ልማድህን ያውቃል እንጂ ፍሪጁን አያውቀውም። በነፋስ የሞተውንና አስቀድሞ የሞተውን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። አንዱ ብቻ የሚያውቀው ውሸት ደግሞ ጨዋታ ሳይሆን ማታለል ነው።

ሕጉም የሚቆመው እዚሁ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን የንብረት መድንን የካሳ ውል ያደርገዋል። ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ማለትም መድን የወደቀውን ወደነበረበት ያነሣል እንጂ ከነበረበት በላይ አያወጣም። አሥር ዓመት ያገለገለ ቆርቆሮ የሚከፈለው እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ነው። መከራ ማትረፊያ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ነፋስ ይጸልይ ነበር፤ አንዳንዱም ክብሪት ይጭር ነበር።

ለእትዬ ያልኳቸው ይህንን ሁሉ አልነበረም። ‹‹እትዬ፣ ፍሪጁን እኔ አልጽፈውም። ነገር ግን የእውነቱን አብረን እንቁጠር፤ አንድ ሚስማር አናስቀርም›› ነው ያልኩት። ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። እሳቸው ለአፍታ ዝም ብለው ‹‹እሺ ቁጠር›› አሉ።

ስንቆጥር አንድ ነገር አስተዋልኩ። ፍሪጁን ያልረሳው ዝርዝር ብዙ እውነተኛ ነገር ረስቶ ነበር። ውኃ የገባበትን ኮርኒስ ረስቷል። የተበጠሰውን የመብራት ገመድ ረስቷል። የማገሩን እንጨት፣ የአናጢውን ዋጋ፣ ፍርስራሹን ያነሡትን የቀን ሠራተኞች ረስቷል። ዕቃው የበለጠ እንዳይበላሽ እትዬ በዚያው ምሽት የገዙትን የላስቲክ ሸራ ረስቷል፤ ጉዳቱ እንዳይሰፋ መከላከል ደግሞ የመድን ገቢው ግዴታ ስለሆነ፣ ለዚህ የወጣ ወጪ የሚጠየቅ ነው። እንግዲህ የመጨመር ልማድ አንዱ ጉዳቱ ይኸው ነው፤ ውሸቱን ስናሰላ መብታችንን አንቆጥርም። ጨዋነት ማለት አንገት ደፍቶ ትንሽ መጠየቅ አይደለም። የደረሰብህን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መጠየቅ ነው። የማይፈቀደው ያልደረሰብህን ማስገባት ነው።

ይሁንና ተረት እየነገርኳችሁ አይደለም፤ እውነቱ ተቆጥሮ ሲያልቅ ከልጁ ወረቀት ያነሰ ነበር።

ከዚያ የወረቀቱ ክረምት ገባ። ሕጉ አደጋውን ካወቁ በአምስት ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል፤ እሱን አደረስን። የወረዳ ደብዳቤ አምጡ ተባለ፤ መጣ። በዚያን ቀን ነፋስ ስለመኖሩ ከሚቲዎሮሎጂ ማስረጃ አምጡ ተባለ፤ ቆርቆሮው ጎረቤት ግቢ ተኝቶ እየታየ ማለት ነው። ከዚያ የማይቀረው መጣ፤ ሦስት ፕሮፎርማ። ፕሮፎርማን ማን አያውቅም? አንዱ ባለ ሱቅ ‹‹የሦስቱንም እኔው ላምጣልሽ፤ ዋጋውን ንገሪኝ ብቻ›› ብሏቸዋል። ማኅተሙ የሦስት ድርጅት፣ እጁ የአንድ ሰው!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። እነዚህ ወረቀቶች ከየት መጡ? አንድ ቀን አንድ ሰው ነፋስ ሳይነፍስ ነፍሷል ብሎ ተከፈለው፤ የሚቲዎሮሎጂ ደብዳቤ ተጨመረ። አንድ ቀን አንድ ሰው የቆርቆሮውን ዋጋ እጥፍ አድርጎ አመጣ፤ ሦስት ፕሮፎርማ ተደነገገ። እያንዳንዱ ማኅተም የአንድ የድሮ ውሸት ሐውልት ነው። የዋሸው ሰው ገንዘቡን በልቶ ሄዷል፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ከእሱ በኋላ በዝናብ ወረፋ የሚቆሙት እትዬ ናቸው። ‹‹ማንን ጎዳሁ?›› ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ እትዬን ያስደነገጠ ነገር መጣ። ቤቱ ኢንሹራንስ ሲገባ የተገመተው ባንኩ ባበደራቸው ዘመን ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮውም፣ ሲሚንቶውም፣ እንጨቱም ወደ ሰማይ ወጣ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ አይወራ። ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የኢንሹራንሱ ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን የሚያወጣ ቤት በአንድ ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ግማሹን መድን የያዝከው አንተ ራስህ ነህ። የሦስት መቶ ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ የሚከፈልህ መቶ ሐምሳ ሺህ ነው። ከእሱም ላይ በውሉ ያለው ተቀናሽ ይነሣል። የእትዬም ካሳ በዚሁ ሒሳብ ተቆርጦ መጣ።

እትዬ ወረቀቱን አጣጥፈው አዩኝ። ‹‹እውነትህን ነው ልጄ፤ እኔም ብዋሽ አይዋጥልኝም ነበር። ግን እውነትህ ጣራዬን አልከደነልኝም›› አሉኝ። የቀረውን ከእድሩ ተበድረው ነው የከደኑት። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ‹‹እውነት ሁሌ ያተርፋል›› ብዬ የምሰብክ ሰው አይደለሁም። እውነት አንዳንዴ ያከስራል። ጥያቄው ኪሳራው በማን ላይ መውደቅ ነበረበት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ፊቴን ወደ ኩባንያዎቹ የማዞረው። በዘርፉ የሚጠቀስ አንድ የቆየ ፍርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1766 ሎርድ ማንስፊልድ የሚባሉ የእንግሊዝ ዳኛ የሰጡት ነው። በሱማትራ ደሴት የአንድ ምሽግ አስተዳዳሪ ምሽጉ በጠላት እንዳይያዝበት መድን ገብቶ ነበር፤ ፈረንሳዮች ያዙበት። መድን ሰጪው ‹‹የምሽጉን ደካማነት ደብቆኛል›› ብሎ አልከፍልም አለ። ዳኛው የመድን ውል በቅን ልቦና ላይ የቆመ ነው፣ የሚያውቀውን የደበቀ ውሉን ያፈርሳል አሉ። ይህንን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ሁለት ነገር ግን ይዘነጋል። አንደኛ፣ ቅን ልቦናው ሁለቱንም ወገን ነው የሚያስረው። ሁለተኛ፣ ጉዳዩን የረታው መድን ገቢው ነበር፤ ምክንያቱም መድን ሰጪው የምሽጉን ሁኔታ ማወቅ ይችል ነበር፤ ገንዘቡን ሲቀበል ዝም ብሎ፣ ክፈል ሲባል አፍ አወጣ።

ታዲያ የእኛስ? የእሳትና የመብረቅ ውል ሲሸጡ ማዕበልና ጎርፍ ተጨማሪ ካልተከፈለበት እንደማይሸፈን ለገዢው ፊት ለፊት የሚነግሩት ስንቶቹ ናቸው? ውሉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። እትዬ አማርኛውንም በመነጽር ነው የሚያነቡት። በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ አረቦኑን የሚቀበለው ሠራተኛ ‹‹እማማ፣ ይህ ግምት አርጅቷል፤ ነገ ነፋስ ቢመጣ ግማሹን አያገኙም›› ቢላቸው ምን ነበረበት? ያውቃል እኮ! ደንበኛ አውቆ ቢደብቅ ውሉ ይፈርሳል። ኩባንያ አውቆ ዝም ሲል ግን ‹‹ማንበብ ነበረብዎት›› ይባላል። ይህ ቅን ልቦና አይደለም።

ስለዚህ ለልጁ ያለኝ መልስ ይህ ነው። እነሱ በልማድ ሲቆርጡ ያታልላሉ፤ አንተ በልማድ ስትጨምር ታታልላለህ፤ የእነሱ ጥፋት ያንተን አያጸዳውም። ያን ፍሪጅ የሚከፍልህ ዝም ያለህ ሠራተኛ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ ካንተ ጋር ሎሚ የጣለው ባለ ወፍጮ ነው። እሱ ደግሞ ምን አደረገህ? ከኩባንያው ጋር ጠብ ካለህ ከኩባንያው ጋር ተጣላ። የገማቹን ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቅ፤ የቆረጠበትን ምክንያት አንድ በአንድ ያስረዳህ። ካልተስማማህ ፍርድ ቤት አለ። የእውነት ዝርዝር የያዘ ሰው እዚያ በሙሉ አፉ ይናገራል፤ አንድ የሞተ ፍሪጅ ያስገባ ሰው ግን ስለ ጣራውም ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እሷ አንዷ ከተያዘችበትማ እውነተኛው ጣራም አብሮ ይሄዳል።

እስከዚያው ግን ክረምት ሳይገባ ወረቀታችሁን ከሳጥን አውጡ። የማይገባችሁን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ማዕበልና ጎርፍ መኖሩን እዩ። የቤታችሁን ግምት ከዘንድሮ ገበያ ጋር አስተያዩ። የሱቃችሁን ዕቃ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ደረሰኝ አትጣሉ። እድራችሁንም አትርሱ፤ በዚያ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ሸራ ይዞ ሮጦ የመጣው ማንም ሳይሆን እሱ ነው፤ ፕሮፎርማም አልጠየቀም።

ለምን ይመስላችኋል ያልጠየቀው? እትዬን ስለሚያውቃቸው ነው። የማያውቅህ ሰው እንዲያምንህ ከፈለግህ ግን ያለህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጻፍከው ቃል።